አእማደ ግስና የግብዓት ቁጥር

ዲማ፣ ደብረ ኤልያስ፣ ዋሸራና ጎንጅ የጎጃምን ስም ያስጠሩ የቅኔ ጉባኤዎች ናቸው። ተማሪው በእነዚህ ቤቶች ቅኔ ከመቁጠሩ ጋራ የግስ እርባታ ይማራል። ግሱ በየትኛው ዓምድ እንደ ቆመ ያወቀ ተማሪ ስንት ባለቤትና ተቀባይ እንደሚሻው ከመልኩ ይረዳል። ቀተለ ገዳይና ሟች ይሻል፤ ተቀትለ በሟቹ ብቻ ይቆማል። አቅተለ ደግሞ አስገዳይ ይጨምርና ሦስት ያደርጋቸዋል። ተደራራጊው ተቃተለ ግን ቁጥሩን ይከፍተዋል፤ ብቻውን የሚጋደል የለምና ከሁለት አያንስም፤ ወደ ላይ ወሰን የለውም። አደራራጊው አስተቃተለም አንድ አጋዳይ አስቀድሞ የተጋዳዮቹን ብዛት ልቅ ይተዋል።

ይህ ጥያቄ የኮምፒዩተር ሊቃውንትንም አስቸግሯል። ግብዓት ተቀብሎ ውጤት የሚመልሰው የፕሮግራም ክፍል ፈንክሽን ይባላል፤ የግብዓቱን ቁጥርና ዓይነት አስቀድሞ የሚመረምረው ደንብ ደግሞ የዓይነት ሥርዓት ነው። ቁጥሩ ልቅ ሲሆን ምን ይመረመራል?

ዴኒስ ሪቺ በቤል ላቦራቶሪ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ የሠራው የሲ ቋንቋ ጥያቄውን ለጸሐፊው ጥንቃቄ ተወው። ፕሪንትኤፍ የተባለው የማተሚያ ፈንክሽን ስንት ግብዓት እንደሚከተል የሚያውቀው ከመጀመሪያው ጽሑፍ ነው። ጽሑፉ ሦስት ብሎ ሁለት ቢሰጠው በማስታወሻው ውስጥ ያገኘውን ሁሉ እንደ ሦስተኛ ሊቈጥር ይችላል። የቅኔ መምህር ቢሆን እንዲህ ያለውን ዐረፍተ ነገር ባፈረሰው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1989 የጸደቀው የአሜሪካ ስታንዳርድ ልቁን ቦታ በሦስት ነጥቦች ቢያመለክትም ከነጥቦቹ በኋላ የሚመጣው እንዲፈተሽ አላስገደደም። ዕዳው እ.ኤ.አ. በ2000 ገደማ ጐልቶ ታየ፤ ሰርጎ ገቦች በዚያው ጽሑፍ አማካይነት የሌላውን ኮምፒዩተር ማስታወሻ ማንበብና መለወጥ ቻሉ።

ስትሪክላንድ፣ ቶቢን-ሆክስታትና ፈላይዘን እ.ኤ.አ. በ2009 ለስኪም ቋንቋ ባቀረቡት ሥርዓት ልቅ ፈንክሽኖችን በሁለት ከፈሏቸው። አንደኛው ወገን ግብዓቱ ምንም ቢበዛ ዓይነቱ አንድ የሆነ ነው፤ መደመር ምሳሌው ነው። የተቃተለ ዘመድ ይህ ነው። በሁለተኛው ወገን እያንዳንዱ ግብዓት የየራሱ ዓይነት አለው፤ ሆኖም አንዱ ከሌላው ጋራ መጣጣም ይገባዋል። ለዚህ ከአምስቱ አእማድ አቻ አይገኝለትም። የሲ ታናሽ የሆነው ሲ ፕላስ ፕላስም እ.ኤ.አ. በ2011 በወጣው ስታንዳርዱ የልቅ ግብዓትን ዓይነት ፕሮግራሙ ከመሮጡ በፊት የሚመረምርበትን መንገድ አገኘ።