ፈቃድና ልደት፦ ከአሊዩ አምባ በር እስከ ቆንስላ መዝገብ

ፈቃድ የሚለው ቃል በአማርኛ ሁለት ነገሮችን አጣምሮ ይይዛል፤ ይኸውም ባለሥልጣን የሚሰጠውን ይሁንታና ሠራተኛ ከሥራው የሚለይበትን ጊዜ ነው። በሰው አገር ልጅ ለሚጠብቅ ቤተሰብ ሁለቱም ባንድ ጊዜ ይመጡበታል። ነገሩ ከየት ተነሥቶ የት እንደ ደረሰ ለመረዳት የአሊዩ አምባን ታሪክ መመልከት ይጠቅማል።

ከአንኮበር ግርጌ ወደ ቆላው በሚወርደው መንገድ ላይ የምትገኘው አሊዩ አምባ፣ በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን የሸዋ የምሥራቅ በር የንግድ ከተማ ነበረች። በየዓርቡ በሚቆመው ገበያዋ የሐረር፣ የአርጎባና የአፋር ነጋዴዎች ከደገኛው ጋር ይገበያዩ ነበር። ነጋዴው እንደ ልማዱ ሲመላለስ፣ የሩቅ አገር እንግዳ ግን በወደደ ጊዜ ገብቶ በወደደ ጊዜ አይወጣም፤ ለመግባትም ለመውጣትም የንጉሡ ቃል ያስፈልገው ነበር።

እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 16 ቀን 1841 ንጉሡ ከእንግሊዙ መልእክተኛ ከካፒቴን ዊልያም ኮርንዋሊስ ሐሪስ ጋር የተዋዋሉት ባለ 16 አንቀጽ ውል ይህንኑ ልማድ የሚነካ ነበር። ሐሪስ እንደ ጻፈው ውሉ፣ በአገሩ የሞተ እንግዳ ንብረት ለንጉሥ ይግባ የሚለውን ሥርዓት አስቀርቶ፣ በመንግሥቱ ውስጥም ሆነ ወደ ውጭ በመንቀሳቀስ ላይ የነበረውን እገዳ አነሣ።

ይሁን እንጂ ውል ተፈረመ ማለት በር ተከፈተ ማለት አልነበረም። ለውሉ መሳካት የረዳው ጀርመናዊው ሚሲዮናዊ ዮሐን ሉድቪግ ክራፍ እ.ኤ.አ. በማርች 1842 ከአንኮበር ወጣ። በእስክንድርያ ሮዚነ ዲትሪኽን አግብቶ በዚያው ዓመት መጨረሻ ተጁራ ሲደርስ፣ ወደ ሸዋ መመለሻው ፈቃድ ተነፈገው። በ1843 ባልና ሚስቱ በምጽዋ በኩል ወደ ትግራይ ሲያመሩ፣ ሮዚነ በሳሆዎች በረሓ ቀኗ ሳይደርስ ሴት ልጅ ተገላገለች። አባትየው «እንባ» ብሎ ሰየማት፤ ሕፃኗም ብዙ ሳትቆይ ሞተች። በዚያ በረሓ ስሟን የሚቀበል መዝገብም ሆነ ለእናቲቱ መንገድ የሚያበጅ ሕግ አልነበረም።

ኢትዮጵያ በዚህ ረገድ ቁርጥ ያለ ሕግ ያወጣችው ሐምሌ 15 ቀን 1922 ዓ.ም. ነው። የዜግነት ሕጉ አባቱ ወይም እናቱ ኢትዮጵያዊ የሆነ ሁሉ፣ በአገር ውስጥም ይወለድ በውጭ፣ ኢትዮጵያዊ መሆኑን ደነገገ። መሠረቱ የተወለዱበት ምድር ሳይሆን የወላጅ ዘር ሆነ ማለት ነው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥትና አዋጅ ቁጥር 378/1996 ይህንኑ አጸኑ። ሆኖም አዋጁ ሁለት ዜግነት አይፈቅድም፤ በውጭ በመወለዱ ሌላ ዜግነት ያገኘ ልጅ አካለ መጠን ባደረሰ በአንድ ዓመት ውስጥ ሌላውን ትቶ ኢትዮጵያዊነቱን እንደሚጠብቅ ካላስታወቀ፣ በፈቃዱ እንደ ተወው ይቈጠራል።

የሠራተኛዋ ፈቃድም በየጊዜው ተሻሽሏል። አዋጅ ቁጥር 377/1996 ከመውለዷ በፊት 30፣ ከወለደች በኋላ 60 ቀን ከደመወዝ ጋር ሲሰጣት፣ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የኋለኛውን ወደ 90 ቀን ከፍ አደረገው። በአዋጅ ቁጥር 760/2004 ደግሞ በውጭ የሚኖር ኢትዮጵያዊ ልጁን በኤምባሲ ወይም በቆንስላ የሚያስመዘግብበት መንገድ ተዘረጋ።

እንግዲህ ዜግነቱን ለልጁ የሚያወርሰው ወላጁ ነው፤ የሚያስረዳለት ግን ወረቀቱ ነው። ፓስፖርቱ ጊዜው ካለፈበት፣ የጋብቻው ማስረጃ እቤት ከቀረ፣ የእናት ስም በአንዱ ሰነድ አንድ፣ በሌላው ሌላ ሆኖ ከተጻፈ፣ ሕግ የሰጠው መብት በመስኮት ፊት ይጉላላል። እነዚህም ምጥ ሳይመጣ የሚሰናዱ ናቸው። በአሊዩ አምባ በር የቆመ መንገደኛ የንጉሥን ፊት ከመጠበቅ በቀር ሌላ አማራጭ አልነበረውም፤ የዛሬው ወላጅ ግን ቀኑን ያውቃል፤ ሕጉም በእጁ ነው።