ቀፎው ሲወድቅ፦ ከባክላይት እስከ ቀፊራ የጎማ ከቨር

ድሬዳዋ ቀፊራ ገበያ ውስጥ ስልክ ዛሬ ቅንጦት አይደለም። ግንቦት 2013 ዓ.ም ቴሌብር ከተጀመረ ወዲህ የብዙ ነጋዴ ገንዘብ የሚገባውም የሚወጣውም በስልክ ነው። ሳፋሪኮም ኢትዮጵያም የሙከራ አገልግሎቱን የጀመረው እዚችው ከተማ፣ ነሐሴ 2014 ዓ.ም ነበር። እንግዲህ ስልኩ ከእጅ አምልጦ ድንጋይ ላይ ቢያርፍ የሚሰበረው መስታወት ብቻ አይደለም፤ የዕለት ሥራም አብሮ ይቆማል።

ታዲያ አንድ ግራ የሚያጋባ ነገር አለ። በብዙ ሺህ ብር የተገዛ፣ አሉሚኒየምና መስታወት የለበሰ ስልክ ከመሰበር የሚተርፈው በርካሽ የጎማ ከቨር ነው። ለምን? መልሱን ለማግኘት የስልክ ቀፎ ከምን ከምን ሲሠራ እንደመጣ እንይ።

እንጨት፣ ባክላይት፣ ኤ.ቢ.ኤስ

የባቡር ሐዲዱ ከጅቡቲ ተነስቶ ድሬዳዋ የደረሰው በ1895 ዓ.ም (እ.ኤ.አ 1902) ነው፤ ከተማዋም የተቆረቆረችው ያኔ ነው። በዚያ ዘመን ብዙዎቹ ስልኮች የእንጨት ሣጥንና የብረት ክፍሎች ነበሩ። ግድግዳ ላይ ስለሚሰቀሉ መውደቃቸው ያን ያህል አያሳስብም ነበር።

እ.ኤ.አ በ1907 ሊዮ ቤክላንድ የተባለ በቤልጂየም የተወለደ ኬሚስት አሜሪካ ውስጥ ባክላይትን ሠራ። ባክላይት ሙሉ በሙሉ በሰው የተፈበረከ የመጀመሪያው ፕላስቲክ ነው። ሙቀት ይችላል፣ ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም። በ1930ዎቹ ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጡት ጥቁር ስልኮች ከዚህ ይሠሩ ጀመር። ጠንካራ ነው፤ ግን ሲወድቅ ይሰነጠቃል። ሞለኪውሎቹ በሁሉም አቅጣጫ ተቆላልፈው ስለተያያዙ የመታቸውን ጉልበት ተንሸራተው ማሳለፍ አይችሉም።

ከ1950ዎቹ ማብቂያ ጀምሮ ቦታውን የወሰደው ኤ.ቢ.ኤስ የሚባለው ፕላስቲክ ነው። ብልሃቱ ቀላል ነው፦ በግትሩ ፕላስቲክ ውስጥ ደቃቅ የጎማ ቅንጣቶች ይበተናሉ። ስንጥቅ ሲጀምር ጎማው ላይ ይደርስና ጉልበቱን ያጣል። ልብ በሉ፣ ስልኩን ከስብራት ያዳነው የተጨመረበት ልስላሴ ነው።

ኖኪያ ለምን አይሰበርም ነበር?

ሞባይል ኢትዮጵያ የገባው በ1991 ዓ.ም ነው። በዓመቱ ገደማ፣ እ.ኤ.አ በ2000፣ ኖኪያ 3310 ገበያ ላይ ዋለ፤ በዓለም ዙሪያም ወደ 126 ሚሊዮን ተሸጠ። «ድንጋይ ቢመታው ድንጋዩ ይሰበራል» ተብሎ የተቀለደበት ስልክ እኮ የፕላስቲክ ነበር።

ሂሳቡን እንሥራው። ከ1.2 ሜትር ከፍታ፣ ማለትም ከደረት አካባቢ፣ የወደቀ ስልክ መሬት ሲነካ ፍጥነቱ በሴኮንድ 4.8 ሜትር ያህል ነው። የ3310 ክብደት 133 ግራም ስለነበር ይዞት የሚወርደው ጉልበት 1.6 ጁል ገደማ ነው። 200 ግራም የሚመዝን የዛሬ ስልክ ግን 2.4 ጁል ያህል ይይዛል፤ አንድ ተኩል እጥፍ ማለት ነው። በዚያ ላይ ኖኪያው ሲወድቅ ሽፋኑ ወዲያ፣ ባትሪው ወዲህ ይበተን ነበር። ያ መበታተን የጉልበቱን አንድ ክፍል ይወስዳል። ትንሿ ስክሪንም ከፕላስቲኩ ጠርዝ ዝቅ ብላ ተደብቃ ነበር።

መስታወቱ መጣ

እ.ኤ.አ በ2007 የመጀመሪያው አይፎን ሲወጣ የስልኩ ፊት በሙሉ መስታወት ሆነ። ኮርኒንግ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በ1960ዎቹ የጀመረውን ምርምር መልሶ አንስቶ ዛሬ ጎሪላ ግላስ የምንለውን አቀረበ። መስታወቱ 400 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ በጋለ የፖታሲየም ጨው ውስጥ ይነከራል። ከመስታወቱ ትንንሾቹ የሶዲየም አየኖች ይወጡና ትልልቆቹ የፖታሲየም አየኖች ቦታቸውን ይይዛሉ። ጠባብ ወንበር ላይ ወፍራም ሰው እንደማስቀመጥ ነው፤ የመስታወቱ ገጽ ተጨናንቆ ስለሚጠጋጋ ስንጥቅ በቀላሉ አይከፈትም።

ግን ይህ የተጨናነቀ ንብርብር ውፍረቱ የአንድ ሚሊሜትር አንድ አስረኛ እንኳ አይሞላም። አላን ግሪፊዝ የተባለ እንግሊዛዊ መሐንዲስ እ.ኤ.አ በ1921 እንዳሳየው፣ መስታወትን የሚያደክሙት በዓይን የማይታዩ ጭረቶቹ ናቸው። ኃይሉ በሙሉ የጭረቱ ጫፍ ላይ ይከማቻል። እዚህ ላይ ነው ድሬዳዋ የምትመጣው፦ አሸዋ። አሸዋ ውስጥ ያለው ኳርትዝ ከስልክ መስታወት ይጠነክራል። ኪስ ውስጥ አብሮ የገባ አሸዋ መስታወቱን ይጭራል፤ ከሳምንታት በኋላ በቀላል አወዳደቅ «ክው» ብሎ ሲሰነጠቅ ምክንያቱ አይገባንም።

ጀርባውስ? ለተወሰኑ ዓመታት አሉሚኒየም ነገሠ። አሉሚኒየም አይሰነጠቅም፣ ይጎደጉዳል። ነገር ግን ብረት የሬዲዮ ሞገድ ስለሚከልልና ያለ ገመድ ቻርጅ ማድረግን ስለሚከለክል፣ ከ2010ሩ አጋማሽ በኋላ ውድ ስልኮች ጀርባቸውንም መስታወት አለበሱ። የሚሰበረው ገጽ በዚሁ ሁለት ሆነ።

የጎማው ምሥጢር

ያ 2.4 ጁል የግድ የሆነ ቦታ መሄድ አለበት። ግትር ስልክ ግትር ድንጋይ ላይ ሲያርፍ በግማሽ ሚሊሜትር ውስጥ ቆመ እንበል። አማካይ ኃይሉ 4,700 ኒውተን ይሆናል፤ ግማሽ ቶን የሚጠጋ ክብደት ለቅጽበት እንደተጫነው ቁጠሩት። ለስላሳ ከቨር ተጨምቆ ማቆሚያውን ወደ ሁለት ሚሊሜትር ቢያረዝመውስ? ኃይሉ ወደ 1,200 ኒውተን፣ ማለትም ወደ ሩብ ይወርዳል። በቃ፣ ምሥጢሩ ይኸው ነው። የኤ.ቢ.ኤስ የጎማ ቅንጣቶች ከውስጥ ይሠሩት የነበረውን ሥራ፣ ዛሬ ከገበያ የምንገዛው ከቨር ከውጭ ይሠራዋል።

ስለዚህ ከቨር ስትመርጡ ውበቱን ብቻ አትዩ። በጣታችሁ ጫኑት፤ ተጨምቆ ይመለሳል? ጠርዙ ከስክሪኑ ከፍ ይላል? ማዕዘኖቹስ ወፈር ይላሉ? ስልክ በማዕዘኑ ሲወድቅ ኃይሉ በሙሉ ትንሽ ቦታ ላይ ስለሚያርፍ ማዕዘን ወሳኝ ነው። እንደ መስታወት የሚያብረቀርቅ ደረቅ ከቨር ከጭረት እንጂ ከምት ብዙም አያድንም።

ቴክኖን ወይም አይቴልን የመሰለ ጀርባው ፕላስቲክ የሆነ ርካሽ ስልክ የያዛችሁ ደግሞ አትፈሩ። ጀርባችሁ ከብዙ ውድ ስልኮች ጀርባ በተሻለ ምት ይችላል። የእናንተ ሥጋት ፊት ለፊት ያለው መስታወት ነው፤ እሱን ከአሸዋ ጠብቁት።