ይድነቃቸው ተሰማ፦ ከግብ አዳኝነት እስከ አፍሪካ እግር ኳስ መሪነት

በስፖርታችን ቋንቋ «ሁለገብ» የሚባለው በየትኛውም ቦታ ቢያሰልፉት የማያሳፍር ተጫዋች ነው። ለእኔ የዚህ ቃል ትክክለኛ ባለቤት አቶ ይድነቃቸው ተሰማ ናቸው።

የተወለዱት መስከረም 1 ቀን 1914 ዓ.ም. ጅማ ውስጥ ነው። ከሸኮ የቡና ጫካ ተነስቶ በሚዛን ተፈሪና በቦንጋ በኩል ወደ መሀል አገር የሚጓዝ ሰው የሚያልፍባት ያቺ የቡና ከተማ መሆኗ ነው። አባታቸው ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በጀርመን አገር ድምፃቸውን በሸክላ ያስቀረጹ፣ በቅኔ አዋቂነታቸው የታወቁ ሰው ነበሩ።

አቶ ይድነቃቸው በ1928 ዓ.ም. ለተመሠረተው ቅዱስ ጊዮርጊስ በአጥቂነት ለ23 ዓመታት ተሰልፈዋል። በክለቡ ታሪክ በ365 ጨዋታዎች 318 ግቦች ተመዝግበውላቸዋል። ለብሔራዊ ቡድንም ተጫውተዋል። ጫማቸውን ከሰቀሉ በኋላ አሠልጣኝ ሆነው፣ ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ስታዲየም ቡድናቸው ግብፅን በተጨማሪ ሰዓት 4 ለ 2 አሸንፎ የአፍሪካን ዋንጫ አነሳ። የዕለቱ አምበል ሉቺያኖ ቫሳሎ፣ ከግብ አስቆጣሪዎቹም አንዱ መንግሥቱ ወርቁ ነበሩ።

ይሁን እንጂ ትልቁ ሥራቸው ከሜዳ ውጪ ያለው ነው ባይ ነኝ። በ1949 ዓ.ም. ካርቱም ላይ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ሲመሠረት ከመሥራቾቹ አንዱ ነበሩ። በዚያው ዓመት በተደረገው የመጀመሪያው የአፍሪካ ዋንጫ ኢትዮጵያ በግማሽ ፍጻሜ የተመደበችው ከደቡብ አፍሪካ ጋር ነበር። ደቡብ አፍሪካ ነጭና ጥቁር ተጫዋቾችን ቀላቅላ ማሰለፍን አልቀበልም በማለቷ ከውድድሩ ውጪ ሆነች፤ ኢትዮጵያም ያለ ጨዋታ ለፍጻሜ አለፈች። አቶ ይድነቃቸው ከዚያ በኋላ በአፓርታይድ ጉዳይ ላይ አቋማቸው አልተናወጠም። ፊፋ ደቡብ አፍሪካን ያባረረው በ1968 ዓ.ም. ነው። በዚያው ክረምት የኒውዚላንድ የራግቢ ቡድን ደቡብ አፍሪካ ሄዶ በመጫወቱ ምክንያት ኢትዮጵያን ጨምሮ በርካታ የአፍሪካ አገሮች ከሞንትሪያል ኦሊምፒክ ቀርተዋል።

በ1958ቱ የዓለም ዋንጫ አፍሪካ ቀጥተኛ ቦታ ተነፍጋ ስለነበር አህጉሪቱ ማጣሪያውን እንድትተው ካስተባበሩት መካከልም ናቸው። ውጤቱም ታየ፤ በ1962ቱ ሜክሲኮ አንድ ቦታ ለአፍሪካ ተሰጠ፣ ሞሮኮም ተሳተፈች። ከ1964 ዓ.ም. አንስቶ ነሐሴ 13 ቀን 1979 ዓ.ም. እስካረፉበት ቀን ድረስ የኮንፌዴሬሽኑ ፕሬዚዳንት ነበሩ።

አንዳንዶች ይህን ሁሉ ኃላፊነት በአንድ ሰው ትከሻ ላይ መጫኑ ለአገራችን እግር ኳስ አልበጀም ይላሉ። ክርክሩ መሠረተ ቢስ አይደለም። ከእሳቸው በኋላ ኮንፌዴሬሽኑን የመራ ኢትዮጵያዊ የለም፤ ብሔራዊ ቡድናችንም ከ1954ቱ ድል ወዲህ ዋንጫውን አላነሳም። በእኔ እምነት ግን ጥፋቱ የሰውየው ሁለገብነት አይደለም፤ ተተኪ አለማፍራታችን ነው። የተለያየ ወንበር ላይ መቀመጥ ቀላል ነው፤ በሁሉም ወንበር ላይ አንድ ዓይነት ሰው ሆኖ መገኘት ግን ከባድ ነው። የአቶ ይድነቃቸው ትምህርት ይኸው ይመስለኛል።