ከነጋሪት እስከ ቫልቭ፤ የተሰበረን ድምፅ ስለ መጠገን

ሰው ድምፁን ከራሱ ጕልበት አሳልፎ ለማሰማት ከጥንት ጀምሮ ሲጥር ኖሯል። ይልቁንም እንደ ሞላሌ ባለው የመንዝ ደጋ፥ ነፋሱ ቃልን ከአፍ ነጥቆ በሚወስድበት አገር፥ በማዶ ያለውን ሰው መጥራት የዕለት ችግር ነበር። ስለዚህም አባቶች ለየነገሩ የተለየ መሣሪያ አበጁለት፤ ለጸሎት ደወል፥ ብረት በታጣበትም ስፍራ ሲመቱት የሚጮኽ የድንጋይ ደወል፤ ለለቅሶ ጥሩንባ፤ ለአዋጅ ነጋሪት። ነጋሪት በተመታ ጊዜ ሕዝቡ ቀጥ ብሎ የሚቆመው የቆዳው ጩኸት ስላስደነቀው አይደለም፤ ከጩኸቱ በኋላ የሚመጣውን ቃል ለመስማት ነው እንጂ።

በ1897 ዓ.ም. ፍሌሚንግ የተባለው እንግሊዛዊ መሐንዲስ አየሩ ከወጣለት የብርጭቆ አምፑል አዲስ መሣሪያ ሠራ፤ ኤሌክትሪክን በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ ስለ ሆነም ቫልቭ ተባለ። በ1899 ዓ.ም. አሜሪካዊው ሊ ደ ፎረስት በውስጡ ሦስተኛ አካል ጨመረበት፤ ይኸውም ግሪድ የሚባል ቀጭን የሽቦ ወንፊት ነው። ካቶድ የተባለው ክፍል በጋለ ጊዜ ኤሌክትሮኖችን ይለቃል፤ አኖድ የተባለው ደግሞ ወደ ራሱ ይስባቸዋል፤ ወንፊቱ በመካከል እንደ በር ጠባቂ ይቆማል። ከማይክሮፎን የመጣው ደካማ ምልክት ወንፊቱን በጥቂቱ በነካው ቍጥር ትልቁ ፈሳሽ በዚያው ልክ ይበዛል፥ ይቀንሳልም። ትንሽ መቅዘፊያ ታላቅ መርከብን እንደሚመራ፥ በዚህ ብልሃት የአንድ ሰው ትንፋሽ አደባባይን ለመሙላት፥ ባሕርንም ለመሻገር ቻለ።

ይህ ብልሃት በአገራችን ታላቅ ሥራ የሠራው በአቃቂ ነው። በ1920ዎቹ መጀመሪያ የአቃቂን የራዲዮ ጣቢያ መሥራት የጀመረው አንሳልዶ የተባለ የኢጣልያ ኩባንያ ነበረ። ነገሩን የሚያስተውል ሰው ሊደነቅ ይገባዋል፤ በ1927 ዓ.ም. መጨረሻና በ1928 ዓ.ም. መጀመሪያ ኢጣልያ ጦሯን በድንበር ስታከማች፥ ኢትዮጵያ አቤቱታዋን ለዓለም ያሰማችው የኢጣልያ እጅ በሠራው መሣሪያ ነውና። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ለአሕዛብ ሁሉ ተናገሩ፤ እቴጌ መነንም ለዓለም ሴቶች ስለ ሰላም ንግግር አደረጉ፥ ልዕልት ፀሐይም ቃላቸውን በእንግሊዝኛ አሰሙ። መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ወረራው በተጀመረ ጊዜ ግን የክተት አዋጁ የታወጀው በቤተ መንግሥት ታላቁ ነጋሪት ተመትቶ ነው። እንዲህ ሆኖ አሮጌው መሣሪያና አዲሱ በአንድ ወር ውስጥ ለአንድ ጉዳይ ጮኹ።

ጠላት ወደ አዲስ አበባ በተቃረበ ጊዜ ጣቢያው የእርሱ መገልገያ እንዳይሆን ተሰናከለ። ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. ጠላት ከተማዪቱን ያዘ፤ መሣሪያውንም ጠግኖ የራሱን ወሬ ይነዛበት ጀመር። በዚያን ጊዜ እንደ ራስ አበበ አረጋይ ያሉት አርበኞች በሰሜን ሸዋ ገደልና ዱር ሲታገሉ ቃላቸው የሚሄደው በመልእክተኛ እግርና በእጅ ጽሑፍ ነበር። ብርቱው መሣሪያ በሐሰት እጅ ሳለ እውነት በቁራጭ ወረቀት ትጓዝ ነበር ማለት ነው። ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ወደ መናገሻ ከተማቸው ከተመለሱ በኋላ ራዲዮው በእንግሊዞች ረዳትነት እንደ ገና ተነሥቶ በአማርኛ፥ በእንግሊዝኛና በዐረብኛ ተናገረ።

በ1940 ዓ.ም. በአሜሪካ ትራንዚስተር ተፈለሰፈ። ይህ ታናሽ ቁራጭ መጋልን የማይሻ፥ በጥቂት ባትሪ የሚሠራ ስለ ሆነ ራዲዮን መብራት ወደሌለበት ገጠር አደረሰው፤ ባለ ቫልቩ አምፕሊፋየርም ከጊዜ በኋላ በየዕቃ ቤቱ ጥግ አቧራ ለበሰ። ዛሬ ግን ድምፁ ለጆሮ የለሰለሰ ነው እያሉ ከተጣለበት አንሥተው የሚያድሱት ሰዎች በየአገሩ አሉ።

እድሳቱ ሥርዓት አለው። ብዙ ዘመን የተኛውን አምፕሊፋየር ወዲያው መብራት ላይ መሰካት ጥፋት ነው፤ በውስጡ ያሉት አሮጌ ኮንደንሰሮች በዕድሜ ብዛት ስለሚበላሹ ኤሌክትሪኩን ያለ ልክ ያሳልፋሉ፥ ምትክ የማይገኝለትን ትራንስፎርመርም ያቃጥላሉ። ባለሙያው አስቀድሞ ከፍቶ ይመረምራል። ሶኬቱ ከተነቀለም በኋላ ኮንደንሰሩ ሰው የሚገድል የብዙ መቶ ቮልት ኀይል ሊይዝ ስለሚችል፥ እጁን ከማስገባቱ በፊት ያንን ኀይል በጥንቃቄ ያፈሰዋል። ከዚያ የደረቁትን ኮንደንሰሮች ይለውጣል፤ ልካቸው የተዛባውን ሬዚስተሮች ይለካል፤ ቫልቮቹን አንድ በአንድ ይፈትናል። በመጨረሻም ተራ አምፑል በመንገዱ ላይ አስገብቶ ያበራዋል፤ ያ አምፑል ደምቆ ከቀረ ገና ያልተገኘ ስሕተት አለ ማለት ነው።

እንግዲህ ይህን ያህል ክፍል ከተለወጠ ዕቃው የቀድሞው ነውን? የሚል ጥያቄ ይነሣል። መልሱ በቤተ ክርስቲያን ዕቃ ቤት ይገኛል። የብራና መጽሐፍ ድጉሰቱ ቢታደስ፥ ክሩ ቢለወጥ፥ የጐደለው ቅጠል በሌላ ጸሓፊ እጅ ቢሞላ መጽሐፉ ያው ነው፤ የጥንቱን ቀለም ፍቆ የወደደውን የጻፈበት ግን ገልባጭ እንጂ ጠጋኝ አይባልም። እንደዚሁም የደረቀውን ለውጦ የጥንቱን አሠራር የጠበቀ አድሷል፤ ሆዱን ባዶ አድርጎ አዲስ ነገር የከተተበት ግን ሣጥኑን አትርፎ ድምፁን አጥፍቷል። በዘሩባቤል ዘመን የቤተ መቅደሱ መሠረት ዳግመኛ በተጣለ ጊዜ የፊተኛውን ያዩ ሽማግሌዎች ሲያለቅሱ ሌሎች እልል ይሉ ነበር፤ መልሶ መሥራት ሁልጊዜ ኀዘንና ደስታን ይዞ ይመጣልና።

የአቃቂ ታሪክ ግን ከዚህ የሚጠልቅ ነገር ያስተምራል። ጠላትም መሣሪያውን ጠግኖ ነበር፤ ብየዳውም ጸንቶለት ይሆናል፤ ነገር ግን ቃሉን አልጠገነም። ቫልቭ እውነትን ከሐሰት አይለይም፤ የሰጡትን ያገዝፋል። ዛሬ በብዙ አድባራት ድምፅ ማጉያ ተሰቅሏል፤ መልካም ነው። ነገር ግን ከልኩ በላይ የተጫነ አምፕሊፋየር የድምፁን ጫፍና ጫፍ ቈርጦ ያሻክረዋል፤ የዕዝሉ ክብደትና የአራራዩ ልስላሴም በጩኸት ይሰጥማል። ስለዚህ የደብር አለቃም ሆነ የከተማ ሰው መሣሪያውን ሲያሳድስ ሁለት ነገር ይመርምር፤ ዕቃው ልኩን ጠብቆ እንደሆነ፥ የሚያልፍበትም ቃል ሊጐላ የሚገባው እንደሆነ። ፊተኛውን ባለሙያ ይፈጽመዋል፤ ሁለተኛው ግን የተናጋሪው ዕዳ ነው።