ቀዳሚት ሰንበትና የከተማ ግዴታ በኒው አምስተርዳም

ዛሬ ኒውዮርክ የምትባለው ኒው አምስተርዳም በ17ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ የሆላንዶች ቅኝ ግዛት ነበረች። በአዋጅ የሚከበረው የዕረፍት ቀን እሑድ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1654 ግን ቅዳሜን የሚያከብሩ 23 ያህል አይሁዳውያን ከብራዚል መጡ። ገዢው ፒተር ስታይቨሳንት ሊያስወጣቸው ቢፈልግም፣ ቅኝ ግዛቱን ያስተዳድር የነበረው ኩባንያ በ1655 እንዲቆዩ ፈቀደ።

በዚያው ዓመት ኦገስት ወር የቅኝ ግዛቱ ምክር ቤት አይሁዳውያን ወንዶች ዘብ እንዳይቆሙ፣ በምትኩ በወር 65 ስታይቨር እንዲከፍሉ ወሰነ። ምክንያቱ ሰንበት አልነበረም፤ ሌሎቹ ነዋሪዎች አብረዋቸው ዘብ መቆም አለመፈለጋቸው እንጂ። በእጅ ሥራ የሚተዳደሩት አሰር ሌቪና ጃኮብ ባርሲምሰን ወይ ዘብ እንዲቆሙ፣ ወይ ከክፍያው ነፃ እንዲሆኑ አመለከቱ። ምክር ቤቱም ካልተስማማቸው ወደፈለጉበት መሄድ እንደሚችሉ መለሰላቸው። ሌቪ ግን አልተወም፤ በ1657 እንደ ሌላው ነዋሪ ዘብ እንደሚቆም ገልጾ የከተማ ነዋሪነት መብት ጠየቀ፤ አገኘም።

የሰንበት ጥያቄ በፍርድ ቤት የተነሳው በጁን 1658 ነው። ተከሳሹ ባርሲምሰን በቀጠሮው አልተገኘም። ችሎቱ ግን የተጠራው በሰንበቱ ቀን በመሆኑ በመቅረቱ እንዳይቀጣ ወሰነ።

ሁለቱም ውሳኔዎች ከግዴታ ነፃ የሚያደርጉ ነበሩ። የፍርድ ቤቱ እምነትን ሲያከብር፣ የምክር ቤቱ ግን ሰውን ከጎረቤቶቹ ነጥሎ ለዚያው ዋጋ ያስከፍል ነበር።