450 በርሜል ስንት ቦቴ ነው?

ሰኔ 21 ቀን 2010 ዓ.ም. ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አህመድ በኦጋዴን ድፍድፍ ነዳጅ በሙከራ ደረጃ መውጣት መጀመሩን ሲያበስሩ አንድ ቁጥር አብሮ ተነገረ፦ በቀን 450 በርሜል። የዚያን ሰሞን እዚህ ፌስቡክ ላይ የነበረውን እልልታ የምታስታውሱት ይመስለኛል። እስኪ ቁጥሩን አሁን ቁጭ ብለን እናስላው።

አንድ በርሜል 159 ሊትር ገደማ ነው። 450ው በርሜል ወደ 71,500 ሊትር ይመጣል። በዳባት በኩል ወደ ደባርቅ እያቃሰተ የሚወጣው ባለተሳቢ ቦቴ ከ40 ሺህ ሊትር በላይ ይጭናል። ስለዚህ ያ ሁሉ ደስታ በቀን ለሁለት ቦቴ እንኳ የማይሞላ ነገር ነበር። ያውም ድፍድፍ! ማጣሪያ የለንም፤ የአሰቡም እ.ኤ.አ. በ1997 ሥራ አቁሟል።

ታሪኩ ግን ከ2010 አይጀምርም። ሲንክሌር የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ከጃንሆይ መንግሥት ጋር የተዋዋለው እ.ኤ.አ. በ1945 ነው። ዓመታት ቆፍሮ ለገበያ የሚሆን ሳያገኝ ሄደ። ከዚያ ቴኔኮ መጣ፤ በ1970ዎቹ መጀመሪያ ካሉብ ላይ ጋዝ አገኘ። አብዮቱ መጣና እሱም ወጣ። በደርግ ዘመን ሶቪየቶች ተጨማሪ ጉድጓዶች ቆፈሩ፣ መንግሥት ሲለወጥ እነሱም ሄዱ። ጋዙ እንዳለ የተጠራጠረ የለም፤ ከዚያ ወዲህ የመጣው ሁሉ ግን ያንኑ የቴኔኮን ጋዝ እንደ አዲስ ሲያበስረን ኖሯል።

የደቡብ ኦሞው ደግሞ ለየት ይላል። በ2012 ኬንያ ቱርካና ላይ ነዳጅ ሲገኝ ቱሎውና ትንሹ የካናዳ ሸሪኩ አፍሪካ ኦይል ድንበሩን ተሻግረው በእኛ በኩል ቆፈሩ። በ2013 የሳቢሳ ጉድጓድ ውጤት ሲወጣ መግለጫው የነዳጅና የጋዝ «ምልክት» ታይቷል አለ። ብዙ ሰው ምልክትን «ተገኘ» ብሎ አነበበው። ምልክት ማለት ግን ከመሰርሰሪያው ጋር በሚወጣው ጭቃና ፍርፋሪ ድንጋይ ውስጥ ቅባት ወይም ጋዝ ታየ ማለት ብቻ ነው። በቅርብ ርቀት የተቆፈረው ቱልቱሌም፣ በ2014 የተቆፈሩት ሺሜላና ጋርዲምም ለገበያ የሚሆን ነገር አልሰጡም። መግለጫው አልዋሸም እኮ፤ አንባቢው ነው «በቀን ስንት በርሜል ፈሰሰ?» ብሎ ያልጠየቀው። የፈሰሰ ነገር ስላልነበረ ቁጥርም አልነበረም።

ቁጥር ሲኖርም ሁለተኛ ጥያቄ አለ፦ ለስንት ጊዜ? አዲስ ጉድጓድ ሲከፈት ከታች ያለው ግፊት ብርቱ ስለሆነ የመጀመሪያው ቀን ፍሰት ያማልላል። እያደር ይቀንሳል። ምንጭ ገዝቶ የሚያውቅ የስሜን ገበሬ የለም እንጂ፣ ቢገዛ ኖሮ በነሐሴ አይቶ አይዋዋልም፤ ግንቦት ላይ ይመለሳል። ለነዳጅም ግንቦቱ የየወሩ የምርት መዝገብ ነው። ከሂላላው 450 በርሜል በኋላ እንዲህ ያለ መዝገብ ለሕዝብ ሲቀርብ አላየሁም። ያየሁት እ.ኤ.አ. በ2022 የማዕድን ሚኒስቴር ከቻይናው ፖሊ ጂሲኤል ጋር የነበረውን ውል ማቋረጡን ነው።

በዚያው ዓመት ኔዘርላንድ ሰዌል የተባለው የአሜሪካ አማካሪ ድርጅት የኦጋዴን ጋዝ 7 ትሪሊዮን ኪዩቢክ ጫማ ነው ብሎ አረጋገጠ። ትልቅ ነገር ነው፣ አላናንቅም። ነገር ግን ይሄ መሬት ውስጥ ያለው ነው። ጎተራ ውስጥ ያለ እህልና የተፈጨ ዱቄት አንድ አይደለም።

(«ጊች አምባ ላይስ ቢቆፈር?» የሚል ጥያቄ በውስጥ መስመር ደርሶኛል። ወንድሜ፣ አምባው የቆመው በእሳተ ገሞራ ድንጋይ ላይ ነው። ነዳጅ የሚፈለገው እንደ ኦጋዴን ባለ፣ ደለል በኪሎ ሜትር ተደራርቦ በተጋገረበት ምድር ነው። እኛ ገብሳችንን እንዝራ።)

መስከረም 22 ቀን 2018 ዓ.ም. ካሉብ ላይ የፈሳሽ ጋዝ ፋብሪካ የመጀመሪያ ምዕራፍ ተመርቋል። ከቴኔኮ ግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። የተነገረው በዓመት 111 ሚሊዮን ሊትር ነው፤ ይህም የፋብሪካው አቅም እንጂ ያመረተው አይደለም። ለ365 ሲካፈል በቀን 304 ሺህ ሊትር ገደማ ይሆናል። የጥቅምቱ ስንት ሆነ? የኅዳሩስ? የወር ሪፖርቱን ያያችሁ ኮሜንት ላይ አስቀምጡልኝ፣ አብረን እናካፍለዋለን።