ፍሪሲዮን የሌላት ትንሽ መኪና

በእንጅባራ አቅራቢያ፣ በዘንገና ሐይቅ አጠገብ የሚያልፈው አውራ ጎዳና ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ አለው። አየሩ ስስ ስለሆነ ተራ የቤንዚን ሞተር ከኃይሉ አንድ አምስተኛና ከዚያም በላይ ያጣል። ግራ እግሩ የሰለለ ሹፌር ደግሞ መሪና ፍሬን ቢችልም ፍሪሲዮን መርገጥ አይሆንለትም።

በአዲስ አበባ ታክሲነት የታወቀችው ፊያት 600፣ ማለትም ሴይቼንቶ፣ ዋጋዋ ቢቀልም ሦስት መርገጫ ነበራት። የኔዘርላንዱ ዳፍ እ.ኤ.አ. በ1958 በቀበቶ የምትነዳ፣ ማርሽ መለወጥ የማያሻት ትንሽ መኪና ለሕዝብ አሳየ፤ ጉልበቷ ግን 22 ፈረስ ብቻ ነበረና ለጎጃም ዳገት ማነሷ አያጠያይቅም። ከአሥር ዓመት በኋላ ቮልስዋገን፣ እጅ የማርሹን ዘንግ ሲነካ ፍሪሲዮኑ በራሱ እንዲላቀቅ አደረገ።

በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከለከለ። የኤሌክትሪክ መኪና ፍሪሲዮን የለውም፤ ከፍታም ጉልበቱን አይቀንሰውም። ክልከላው ለሌላ ምክንያት ቢወጣም ለዚህ ሹፌር ሳይታሰብ በጀው። ሁለቱም እግሮቹ የማይታዘዙለት ግን ዛሬም ፍሬኑንና ፍጥነቱን በእጅ የሚያሠራ ዘንግ ማስገጠም አለበት፤ በሩ በሰፊው ካልተከፈተ፣ መቀመጫውም ከተሽከርካሪ ወንበሩ ቁመት ጋር ካልተቀራረበ፣ የመኪናዪቱ ርካሽነት አይረዳውም።